ኮሪያ ያኔ ከእኛ ድሃ ነበረች?

ወንድሜ፣ «በ1950ዎቹ ኢትዮጵያ ከደቡብ ኮሪያ ትበልጥ ነበር፤ እነሱ ሲሠሩ እኛ ተኛን» ያልከው ልክ አይደለም። የቃኘው ሻለቃ ጦራችን በ1951 እ.ኤ.አ. ወደ ኮሪያ ጦርነት መዝመቱ እውነት ነው፤ ወገኖቻችን እዚያ ደማቸውን አፍስሰዋል፣ ሊዘነጋም አይገባም። ጦር መላክ ግን የሀብት ማስረጃ አይሆንም። የኢኮኖሚ ታሪክ ግምቶች እንደሚያሳዩት ጦርነት ያወደማት ኮሪያ እንኳ በነፍስ ወከፍ ገቢ ትበልጠን ነበር።

ትልቁ ልዩነት መሬቱ ላይ ነው። ኮሪያ በ1950 እ.ኤ.አ. ከ3 ሄክታር ገደማ በላይ የሆነውን የባለርስት መሬት ለአራሹ ማከፋፈል ጀመረች። እኛ ዘንድ፣ በተለይ በደቡብ፣ ጭሰኛው እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ምርቱን ለባለመሬት ይገብር ነበር። እባክህ አያቶቻችንን ሰነፍ አትበላቸው። ከጎህ እስከ ምሽት ያርሱ ነበር፤ እህሉ ነው የሌላ ሰው ጎተራ የገባው።