«የድሃ» ያልከው ኢንሹራንስ

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ስልኬን አጨናንቆታል። አራት ሰው ልኮልኛል። ጀርመን ውስጥ የጤና ኢንሹራንስ የሚሸጥ የአገራችን ልጅ ነው፤ አዲስ ለመጡ ባለሙያዎች በአማርኛ ይመክራል። «የሕዝቡ ክራንከንካሴ የድሃ ነው፤ ደመወዝህ ከደረሰ ፕሪቫት ግባና ገንዘብህን አድን» ይላል። ክራንከንካሴ፣ ባጭሩ ካሴ፣ የጤና ኢንሹራንስ ነው፤ የሕዝቡ የሚለው በሕግ የተደነገገውን ነው፣ ፕሪቫት ደግሞ የግል ኩባንያዎቹን።

የድሃ? ጀርመን ውስጥ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ያህል የሚታከመው እኮ በዚሁ ነው። ዘጠኙም ድሃ ከሆነ ሁላችንም ተሳስተን ነው የተሰደድነው። የጀርመኑ ቻንስለር ቢስማርክ በ1883 ሕጉን ያወጣው ለሠራተኛ ነበር፣ እሺ። ዛሬ ግን ፕሪቫት መግባት እየቻለ ወዶ እዚያው የሚቀር ደህና ተከፋይ ሞልቷል።

ልጁ ጊዜውን አውቆበታል። ለሕዝቡ ኢንሹራንስ ከደመወዝ በሚታሰበው በዋናው 14.6 በመቶ ላይ የሚጨመረው መዋጮ በአማካይ 2.5 የነበረው በ2026 ወደ 2.9 ወጣ። ግማሹን አሠሪ ቢከፍልም የደመወዝ ወረቀቱን ያየ ሁሉ በሽቋል። እኔም በሽቄያለሁ። የበሸቀ ሰው ፊት ፎርም ዘርግቶ «ፈርም» ማለት ግን አደን ነው እንጂ ምክር አይባልም።

ስሌቱን እንየው። የእሱ ሰው 28 ዓመቱ ነው፣ ጤነኛ፣ ላጤ፣ የዓመት ደመወዙ ከ77,400 ዩሮ በላይ፤ ይህ ተቀጣሪ ፕሪቫት ለመግባት ማለፍ ያለበት የ2026 ጣሪያ ነው። ለዚህ ሰው ፕሪቫት ይረክሳል፤ አልክድም። ግን ስንት ዓመት ላጤ ሆኖ ሊቆይ ነው? ሐበሻ እኮ ነው! ወረቀቱ እንደተስተካከለ እጮኛውን ከአዲስ አበባ ያመጣል። እሷ ቋንቋ እስክትማር ሥራ የላትም። በሕዝቡ ኢንሹራንስ ቢሆን ገቢ የሌላት ሚስት በባሏ በኩል ያለ ተጨማሪ ክፍያ ትገባለች። ልጆቹም እንደዚያው፤ ተማሪ ከሆኑ እስከ 25 ዓመታቸው። ፕሪቫት ላይ ግን ለእያንዳንዱ ነፍስ የራሱ ሂሳብ ይመጣል። ለሚስት አንድ። ለመጀመሪያው ልጅ አንድ። ለሁለተኛው ሌላ። መንታ ከመጣማ ያቺ «ያዳናት» ገንዘብ በአንድ ምጥ አለቀች።

«ያኔ እመለሳለሁ» የሚል አይጠፋም። በምን በኩል? ተቀጣሪ ከሆንክ ደመወዝህ ከዚያ ጣሪያ በታች መውረድ አለበት። ለመመለስ ብሎ ደመወዙን የሚቀንስ የቤተሰብ አባወራ አሳዩኝ። 55 ዓመት ከሞላህ በኋላ ደግሞ በሩ ከሞላ ጎደል ተዘግቷል። ልጁ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሲያወራ 55 የሚለውን ቁጥር አንዴም አላነሳም።

የጤና ጥያቄው ፎርምም አለ። ያለብህን ሁሉ ጻፍ ይላል። እኛ ደግሞ ጨጓራን እንደ በሽታ አንቆጥርም፤ ቁርጥ የበላ ሁሉ አለበት። ሳትጽፈው ቀርተህ በኋላ ከተገኘብህ ኩባንያው ውሉን ሊያፈርስብህ ይችላል። ለሕዝቡ ካሴ ግን ጨጓራህ ጉዳዩ አይደለም፤ መዋጮህ የሚታሰበው በደመወዝህ ነው።

አዎ፣ የስፔሻሊስት ቀጠሮ ለፕሪቫት ቶሎ ይገኛል። እኔ ራሴ የቆዳ ሐኪም ለማግኘት ወራት ጠብቄያለሁ፤ ያናድዳል። ነገሩ አስቸኳይ ከሆነና የቤተሰብ ሐኪምህ ሪፈር ከጻፈልህ ሐኪም ቀጠሮ ወደሚያገናኘው ስልክ 116117 ደውለህ ጥበቃውን ማሳጠር ትችላለህ። ይህንንም ቪዲዮው አልነገረንም። ለአንድ የቆዳ ሐኪም ብሎ መውጫው የጠበበ ውል መፈረም ምን ይባላል?

ፕሪቫት ያስገባ ሻጭ የብዙ ወር ክፍያ የሚያህል ኮሚሽን ያገኛል። ሠርቶ መብላቱን አልጠላም። በሚቀጥለው ቪዲዮው ግን ስለ 55 ዓመቱ በአማርኛ ይንገረን። ስለ ኮሚሽኑም፣ በዩሮ።