በረሃው ምን አደረገ?

«ድሮስ በረሃ ላይ በረዶ!»

ሰሞኑን ይህችን ነገር ያልሰማሁበት ቀን የለም። በኤፕሪል 2024፣ ሐሙስ ዕለት፣ የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የበረዶ ሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) የክለብ ባለቤቶች ተሰብስበው የእኛ የፊኒክሱ ቡድን አሪዞና ኮዮቲስ ወደ ዩታ እንዲሄድ ካጸደቁ ወዲህ ሰው ሁሉ የአየር ጠባይ ተንታኝ ሆኗል። ቴሌቪዥኑ ይላታል። የካናዳ ደጋፊዎች «ድሮም ብለናችሁ ነበር» እያሉ ይደጋግሟታል። በሕይወቱ አንድ የሆኪ ጨዋታ እስከ መጨረሻው አይቶ የማያውቅ ወዳጄ እንኳን ቡና ላይ ስኒውን ሳያስቀምጥ ወረወራትና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ፊኒክስና ዙሪያዋ ውስጥ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆነኝ። ሆኪ ያወቅኩት ከኋላ ወንበር በሚመጣ ወሬ ነው። መጀመሪያ ጥቁሯ ፓክ (እንደ ኳስ የሚመቷት ነገር) የት እንዳለች እንኳን አትታየኝም ነበር። አሁን ከተሳፋሪ ጋር እከራከራለሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ ነገሩም የፈረንጅ ነው።)

እስቲ በዚችው በበረሃዋ እንጀምር። በረሃ ሆኪን የሚገድል ከሆነ፣ በ2023 የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ያነሳው ማን ነው? ቬጋስ። ላስ ቬጋስ! በ2017 መጫወት ጀምሮ በስድስተኛ ዓመቱ ዋንጫ በላ። በፍጻሜው የገጠመውስ? ፍሎሪዳ፣ የአዞ አገር። ታምፓ ሦስት ጊዜ ወስዷል፣ በ2004፣ በ2020 እና በ2021። ሎስ አንጀለስ ሁለቴ። ዳላስ በ1999። በረዶ ከሰማይ በነፃ የሚወርድላት ካናዳ ዋንጫውን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው በ1993 ነው። ያኔ ኮዮቲስ የሚባል ቡድን ራሱ አልነበረም። ሆኪ ቤት ውስጥ ነው የሚጫወቱት ጎበዝ! በረዶውን የሚሠራው ማሽን ነው። ማሽኑ ደግሞ ውጪ ስንት ዲግሪ እንደሆነ አይጠይቅም።

«ሰዉ ስፖርቱን አያውቀውም» ይላሉ ደግሞ። የ2023-24ን የውድድር ዘመን 69 ጎል አስቆጥሮ የጨረሰው የቶሮንቶው ኦስተን ማቲውስ የት ነው ያደገው? ስኮትስዴል፣ እዚሁ ፊኒክስ አጠገብ። በልጅነቱ ሲያይ ያደገው ቡድን ማን ነው? ኮዮቲስ። በማርች 2024 ለኮዮቲስ በመጀመሪያ ጨዋታው ሁለት ጎል ያገባው ጆሽ ዶን፣ የቀድሞው አምበል የሼን ዶን ልጅ ነው። አባቱ ቡድኑ በ1996 ከካናዳዋ ዊኒፔግ ሲመጣ አብሮ የመጣ ተጫዋች ነበር። ልጁ እዚሁ አደገ፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፣ እዚሁ ጎል አገባ። አባት የዘራውን ልጅ ሊያጭድ ሲል ማሳው ተሸጠ።

ነገሩ እኛ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የምንለው ነው። ባለሀብቱንና ሊጉን መናገር ይከብዳል። በረሃ ግን ጠበቃ የለውም።

ቡድኑን የገደለው አንድ የግንባታ ውሳኔ ነው። ይህን ለማወቅ የሆኪ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፣ መሪ መያዝ ይበቃል።

ቡድኑ እንደመጣ የገባው ዳውንታውን ፊኒክስ፣ ለቅርጫት ኳስ የተሠራ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የሆኪ ሜዳ ከቅርጫት ኳስ ሜዳ በጣም ይረዝማል። ስለዚህ በአንደኛው ጫፍ ላይኛው ፎቅ የተቀመጠ ሰው ከሥሩ ያለው ጎል አይታየውም። ከፍሎ ገብቶ ጎል መግባቱን የሚያውቀው ከሌላው ጩኸት ነው። እሺ፣ ከዚያ መውጣት ነበረበት። በመጀመሪያ የታሰበው ስኮትስዴል ውስጥ፣ ሎስ አርኮስ የሚባለው አሮጌ ሞል የነበረበት ቦታ ነበር። ልክ ነበሩ። የዓመት ትኬት የሚገዛው፣ ልጁን ሆኪ የሚያስተምረው ሰው የሚበዛው በምሥራቅ በኩል ነው። ግን ድርድሩ ፈረሰ። በወቅቱ የቡድኑ ባለቤት የነበረው የሪል እስቴት ሰው ስቲቭ ኤልማን ወደ ግሌንዴል ዞረ። ግሌንዴል ከከተማው በስተ ምዕራብ ናት፣ ሌላኛው ጫፍ። ከተማዋ 180 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። አዳራሹ በ2003 መጨረሻ ተከፈተ። በዙሪያው ሱቅ፣ ሆቴል፣ ምግብ ቤት ይበቅላል ተባለ። ሙሽራዋ መሬቱ ነበረች፣ ሆኪው ሚዜ።

አንድ ቀን ከሰሜን ስኮትስዴል አባትና ልጅ ጫንኩ። የካቲት ውስጥ ነው፣ የሥራ ቀን። ጨዋታው ምሽት 1 ሰዓት ይጀምራል። የተነሳነው 11 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ሃይዌይ 101 ላይ ወደ ምዕራብ ስትነዱ በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ልክ የመኪናው መስታወት ላይ ትቀመጣለች። መጋረጃውን ብታወርዱት ከሥሩ ትገባለች። ሰው ሁሉ ፍሬን ይይዛል። ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጉልበቱ ድረስ የሚደርስ ቀይ ማልያ ለብሷል። አባትየው ሰዓቱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ መንገዱን ያያል። ምን ላድርግ፣ መብረር አልችል። ልንደርስ አንድ መብራት ሲቀረን ስልኩን አየና «አገባን!» አለ። ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ስላላየው።

ሲመለሱ ልጁ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ቤታቸው ስንደርስ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ በማግስቱ ትምህርት አለ። ቡድኑ በሜዳው በዓመት 41 ጨዋታ ይጫወት ነበር። እስቲ ይህን 41 ጊዜ አድርጉት። ባዶ ወንበር አየን የምትሉ፣ ወንበሩ የነበረበትን ቦታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ልጅ በረሃ አልከለከለውም። ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ትምህርት ቤትና ያ መንገድ ናቸው የከለከሉት።

አዳራሹ ከተከፈተ ስድስት ዓመት እንኳን ሳይሞላው፣ በሜይ 2009፣ ባለቤቱ ጄሪ ሞይስ ቡድኑን ኪሳራ ፍርድ ቤት ይዞት ገባ። በጎን ደግሞ የብላክቤሪው ካናዳዊ ባለሀብት ጂም ባልሲሊ በ212.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ወደ ሃሚልተን ሊወስደው ተስማምተዋል። የካናዳና የአሪዞና ደጋፊዎች ክርክር ያኔ ነው የተጋጋለው፣ ታክሲዬ ውስጥ ሳይቀር። አንዱ «የእኛ ስፖርት ነው መልሱልን» ይላል፣ ሌላው «13 ዓመት ከፍለንበታል» ይላል። አሁን ሳስበው ሁለቱም ያሳዝኑኛል። ፍርድ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ወንበር ነበረው። ባለቤቱ ገንዘቤን አለ። ሊጉ ሥልጣኔን አለ። ግሌንዴል ውሌን አለች። ታላቁ ዌይን ግሬትስኪ ሳይቀር፣ አሠልጣኝ ስለነበር፣ ከዕዳ ጠያቂዎቹ አንዱ ነበር። ደጋፊ የሚል ወንበር ግን አልነበረም። ዳኛው ሬድፊልድ ባውም የባልሲሊንም የሊጉንም ጥያቄ ውድቅ አደረጉ። በመጨረሻ ሊጉ ራሱ በ140 ሚሊዮን ገዛው።

ሊጉ ያኔ ምን ሲል ነበር? ቡድን የት እንደሚጫወት የምወስነው እኔ ነኝ፣ አሪዞናን አንለቅም። የሊጉ ኮሚሽነር ጋሪ ቤትማን ለዚህ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገቱ። እኛም አመንናቸው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለውን ረስተን። ይኸው በ15 ዓመቱ ያው ሊግ፣ ያው ቤትማን፣ ወሬው ከተሰማ ጥቂት ሳምንት ሳይሞላው ቡድኑን ሸኙት።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን እዩት። 140 ሚሊዮን የነበረው ቡድን 1.2 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከዚህ ውስጥ አንዱ ቢሊዮን ለባለቤቱ ለአሌክስ ሜሩዌሎ፣ 200 ሚሊዮኑ ለሌሎቹ የክለብ ባለቤቶች ነው። ሰው የማያየው፣ በረሃ የበላው፣ የማይረባ ቡድን እንዴት ሆኖ ከስምንት እጥፍ በላይ አወጣ? ይህን የሚመልስልኝ ሰው ቡናውን እኔ እከፍላለሁ። የሊጉ ዋጋ ስላደገ ነው የሚል ይኖራል። ይሁና! ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ክፍያውን ማን ችሎት ነው እስኪያድግ የቆየው? የግሌንዴል ከተማ ቡድኑ እንዳይሄድ ብላ ለሊጉ 25 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። በዓመቱ ሌላ 25 ሚሊዮን። ያ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው፣ አንድም ጨዋታ አይታ የማታውቅ አሮጊት ጭምር የከፈለችው። ከዚያ ትርፍ ላይ ለግሌንዴል ስንት ደረሳት?

ደግሞ በዚያው ባለቤት ባጣበት ዘመን፣ በ2012፣ ቡድኑ ምድቡን አንደኛ ሆኖ ጨርሶ እስከ ምዕራቡ ፍጻሜ ደረሰ። ያን ሰሞን ተሳፋሪው ሁሉ ነጭ በነጭ ነበር፣ ጥምቀት ይመስል። ከግሌንዴል በር ላይ ሰው ማንሳት አቃተኝ፣ ከብዛቱ። በረሃው ያን ጊዜ የት ሄዶ ነበር?

አንድ ነገር እቀበላለሁ። በአብዛኛው ዓመት ቡድኑ ደካማ ነበር። ከ2012 ወዲህ ከዋናው ውድድር ያለፈው በ2020 ብቻ ነው፣ ያውም በኮቪድ ጊዜ፣ ኤድመንተን ውስጥ፣ ተመልካች በሌለበት። ደካማ ቡድን ደግሞ ሰው አይጠራም። ግን ደካማ ቡድን የትም ደካማ ነው።

ፊኒክስ አጠገብ ያለችውን የቴምፒን ድምፅ የሚያነሱም አሉ። በሜይ 2023 የቴምፒ ነዋሪ በድሮ የቆሻሻ መጣያ ላይ ለኮዮቲስ አዲስ አዳራሽ ይሠራ ወይ ተብሎ ተጠየቀ፣ አይሆንም አለ። «አያችሁ፣ ሕዝቡ አይፈልጋችሁም» ተባልን። ሕዝቡ ሆኪን አይደለም እምቢ ያለው። ግሌንዴልን አይቷል። በ2021 መጨረሻ ከተማዋ ያልተከፈለ ግብር ስላለ አዳራሹን እቆልፈዋለሁ ብላ ስታስጠነቅቅ፣ ቡድኑ «የሰው ስህተት ነው» ብሎ ሲከፍል ሁሉም ሰምቷል። እንዲህ ላለ ጎረቤት ማን ነው ግቢውን የሚከፍተው? እኔም ቴምፒ ብኖር ድምፄን ከመስጠቴ በፊት ሁለቴ አስብ ነበር።

የሚገርመው ሜሩዌሎ ያኔ በ2024 ስሙንና ዓርማውን ይዞ ቀርቶ ነበር። ተጫዋቾቹ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ይሄዳሉ፣ ስሙ ከእሱ ጋር ይቀመጣል ተባለ። በአምስት ዓመት ውስጥ አዳራሽ ከሠራ አዲስ ቡድን ይሰጠዋል ተብሎም ነበር። ሰሜን ፊኒክስ ውስጥ መሬት በጨረታ ሊገዛ አስቦ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ። ስኒውን ይዞ የሳቀብኝ ወዳጄ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነው። «ተጫዋቾቹ በሙሉ ለሌላ ከተማ ተሽጠው፣ ስሙና ማልያው አንድ ሀብታም ቤት ቁምሳጥን ውስጥ ቀረ ብለህ አስበው» አልኩት። «አፍህን ዝጋ» አለኝ። ዘጋሁ፣ ገብቶታል።

ከውሳኔው አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ረቡዕ ማታ፣ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። መሌት የምትባለው የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ቴምፒ ውስጥ ናት፣ አምስት ሺህ ሰው አትይዝም። ኤድመንተንን 5 ለ 2 አሸነፉ። ሁልጊዜ እንደማደርገው ማብቂያው ላይ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ጨዋታ ሲያልቅ ስልኬ በጥሪ ይሞላል፣ ለመምረጥ ነው የሚያስቸግረኝ። ረቡዕ ግን ዝም አለ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት። ለካ ማንም አልወጣም።

ብዙ ቆይቶ አንድ ጥሪ መጣ። ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ማልያ ለብሰዋል፣ ሁለቱም አይናገሩም። ወደ ስኮትስዴል። መንገዱ ባዶ ነበር፣ ሩብ ሰዓት አልፈጀብንም። ሰውየው ሲወርድ «በ28 ዓመት እንዲህ ቀርበውን አያውቁም ነበር» አለኝና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።