«ይሄ እኮ የሃይስኩል ነው»

አሁን ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ። ሌሊት ሺፍት ላይ ነኝ። የምንከባከባቸው እማማ ተኝተዋል። እኔ ግን ደሜ እንደፈላ ነው።

ያው ዛሬም ለሒሳብ ኮርሴ ቱተሪንግ ሴንተር ሄድኩ። ከሥራ በቀጥታ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ፣ ቁርስ ሳልበላ። አርባ ደቂቃ ወረፋ ጠበቅኩ። ተራዬ ሲደርስ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የኛ ልጅ! ሐበሻ! እዚሁ ሜሪላንድ የተወለደ፣ ቢበዛ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። አንድ ቀን እንኳን በቋንቋዬ ልጠይቅ ነው ብዬ።

ጥያቄዬ አንድ ነበር። ራዲያን የሚባለው የአንግል መለኪያ ለምን አስፈለገ? ዲግሪ እያለ፣ 90 እና 180 እያሉ፣ ለምንድን ነው ፓይ በ2፣ ፓይ በ6 እያልን የምንሰቃየው?

ልጁ ወረቀቴን አየ። ሳቀ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «ይሄ እኮ የሃይስኩል ነው! አንቺ ሃይስኩል አልተማርሽም?»

ከጀርባዬ ሁለት ሐበሾች ተቀምጠዋል። ሰምተዋል። አንዷ ቶሎ ብላ ስልኳ ላይ አቀረቀረች። እንዳላፍር ብላ ነው፤ እሱ ደግሞ የባሰ አሳፈረኝ።

«ተምሬአለሁ» አልኩት። «አስራ አምስት ዓመት አለፈው እንጂ።»

«እና ለምን ትጠይቂያለሽ?»

«ምክንያቱን ማንም ስላልነገረኝ።»

«ምክንያት የለውም። ጀስት ሜሞራይዝ አድርጊው። ኔክስት?»

«አንቺ» ማለቱ አልከፋኝም። እዚህ ያደጉ ልጆች እናታቸውንም አንቺ ነው የሚሉት። «ምክንያት የለውም» ያለው ነው አንጀቴን ያቃጠለው። ለምን ኔክስት ይለኛል? ኔክስት የለኝም! ያለኝ አንድ ጥያቄ ነው!

ደግሞ ዝም ብዬ አልጠየቅኩም። ባለፈው ሳምንት ፈተና ላይ ሳይን 30 ብዬ ስመታ ካልኩሌተሩ −0.988 አለኝ። እኔ ማትሪክን ያለ ካልኩሌተር የተፈተንኩ ሰው ነኝ። ሳይን 30 ግማሽ መሆኑን ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝም እናገራለሁ። ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። እሷን ራሴን አምኜ ጻፍኩ፣ አገኘሁ። ቀጣዮቹን ሦስት ጥያቄዎች ማሽኑን አምኜ ገደል ገባሁ። ለካ ራዲያን ላይ ተቀምጦ ኖሯል። 30 ራዲያን ማለት ክቡን አራት ጊዜ ሙሉ ዞሮ አምስተኛውን ሦስት ሩብ ያደረሰ አንግል ነው! ይሄንን የነገረኝ ሰው የለም። ቤቴ ቁጭ ብዬ አካፍዬ ነው ያገኘሁት።

ምክንያቱንም ራሴው አገኘሁት። ዛሬ ከሰዓት ተናድጄ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነሣሁና የጫማ ክር ይዤ ምጣዱ ጋ ሄድኩ። ከመሃል እስከ ጠርዝ ለካሁና በዚያው ልክ ቆረጥኩት። ከዚያ ክሩን ጠርዙ ላይ አጠፍኩት። ያ ክር የሚሸፍነው አንግል፣ እሱ ነው አንድ ራዲያን። ወደ 57 ዲግሪ ይሆናል። ዙሪያውን ስለካው ክሩ ስድስት ጊዜ ገባና ትንሽ ቀረኝ። 6.28። ሁለት ፓይ! ምጣድ ላይ! 360ን ከባቢሎን ሰዎች የስድሳ አቆጣጠር ነው የወረስነው ይላሉ፤ ራዲያን ግን ከራሱ ከክቡ ነው የወጣው።

ገና አልጨረስኩም። ካልኩሌተሩን ራዲያን ላይ አድርጋችሁ ሳይን 0.1ን ምቱ። 0.0998 ይላችኋል። ራሱን መለሰላችሁ ማለት ይቻላል። 0.01ን ምቱ፣ የበለጠ ይጠጋል። ካልኩለስ ላይ የሳይን ዴሪቬቲቭ፣ ማለትም የለውጡ ፍጥነት፣ ኮሳይን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዲግሪ ብንሠራ በየመስመሩ ፓይ በ180 የሚባል ጭራ እየጎተትን ነበር። ይኸው! ሁለት ደቂቃ አይፈጅም! ራዲያን የሚለው ቃል መጀመሪያ የታተመው በ1873 ቤልፋስት ውስጥ ፈተና ወረቀት ላይ ነው። ያኔ እነዚያ ተማሪዎች ለምን ብለው ሲጠይቁ «የሃይስኩል ነው» ተባሉ?

አገር ቤትም ያው ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊሚት ተምሬአለሁ፣ ዴሪቬቲቭ ተምሬአለሁ፣ ኢንተግራል ሳይቀር። «ቲቸር፣ ይሄ ለምን ይሆናል?» ስል «ቀመሩን ያዢ፣ ይመጣል» ነበር መልሱ። ያዝኩት። መጣ። ውጤቴም ጥሩ ነበር። ከዚያ ሕይወት መጣና ሁሉንም ጠረገው። የሸመደድኩት ሁሉ ሄደ። እዚህ ፕሌስመንት ቴስት (ከየትኛው ኮርስ እንደምትጀምሪ የሚወስነው ፈተና) ላይ ክፍልፋይ አደናግሮኝ ሁለት ኮርስ ወደ ታች ጣሉኝ። ሁለት ሴሚስተር! በገንዘቤ!

የሆምወርኩን ነገር ደግሞ አታንሱብኝ። ከመቶ ዶላር በላይ ከፍዬ የገባሁበት ፕሮግራም «1 በሥር 2» ብዬ ስጽፍ ቀይ ይለቅብኛል። የሚፈልገው «ሥር 2 በ2» ነው። አንድ ቁጥር ናቸው እኮ! ሁለቱም 0.7071 ናቸው! ማሽን ስለሆነ ምን ትይዋለሽ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከስክሪን ጋር መጨቃጨቅ ምን ዋጋ አለው።

ማሽኑን ተውኩት። ልጁን ግን መተው አቃተኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ እጁ ይፈጥናል። ምናልባት እሱንም ማንም አልነገረው ይሆናል። ግን «አላውቀውም» ማለት ይችል ነበር። አብረን እንፈልገው ነበር። አርባ ደቂቃ ጠብቄዋለሁ፣ አምስት ደቂቃ አልሰጠኝም።

ሐሙስ አይደንቲቲ፣ አንግሉ ምንም ቢሆን የሚሠሩትን እኩልታዎች፣ እንጀምራለን። ሳይን ስኩዌር ሲደመር ኮሳይን ስኩዌር ለምን አንድ እንደሚሆን ከወዲሁ ደብተሬ ላይ ክብ ስዬ አይቼዋለሁ። ፓይታጎረስ ነው። ሌሎቹን ግን አላውቅም፣ እዚያው ሴንተር ነው የምሄደው። ሌላ የሚያስጠና የት አለ? ያው ልጅ ቢደርሰኝም ለምን ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ደወሉ ጮኸ። እማማ ውኃ ፈልገው ነው። መጣሁ።