«ደም ተለክቻለሁ» ሲሉ የቱን ነው?

አክስቴ የልብ ድካም ክትትል ላይ ናቸው። ቤታቸው ጎንደር፣ ዳገት ላይ ነው (ዳገት የማያውቅ ጎንደሬ ካለ እግዜር ይስጠው)። ለሁለት ዓመት ያህል ከባጃጅ ወርደው በራቸው እስኪደርሱ ሦስት ጊዜ ይቆሙ ነበር። በየቀጠሮው ይህንኑ ይናገራሉ፤ በየቀጠሮው የሚያሸናው ክኒን ይጨመርላቸዋል። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ሐኪም የዓይናቸውን ቆብ ወደ ታች ገልጣ አየችና «እማማ፣ ደም ከተለኩ ስንት ጊዜ ሆነዎ?» አለቻቸው። አክስቴ ክንዳቸውን ዘረጉላት። «ኧረ ልጄ፣ በመጣሁ ቁጥር ይለኩኛል!»

ግፊቱን ማለታቸው ነው። ሄሞግሎቢናቸው ግን 8 ሆኖ ተገኘ፤ በጣም ዝቅተኛ ነው።

ስማቸው ስለሚቀራረብ ሁለቱ ይምታታሉ። ግፊቱ የወረደበትም «ደሜ አነሰ» ይላል። ደም ማነስ ግን ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ሲያንስ ነው፤ ግፊቱ 160 የሆነ ሰውም ሊኖርበት ይችላል። ደሙ ሲሳሳ ልብ ጉድለቱን ለመሙላት ቶሎ ቶሎ መምታት ይኖርበታል። ጤነኛ ልብ ይችለዋል፤ የደከመው ግን ይብስበታል። ምልክቱም ያው ድካም፣ ያው ትንፋሽ ማጠር ስለሆነ ሁሉም በልብ ይሳበባል። የልብ ድካም ካለባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ደም ማነስ አለባቸው፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ደህና ቢሆን እንኳ የብረት እጥረት ይኖርባቸዋል።

ለእኛ ከተማ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወንድ 13፣ እርጉዝ ላልሆነች ሴት 12 ግራም በዴሲ ሊትር የሚለው ወለል ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ በተፈጥሮው ሄሞግሎቢንን ስለሚጨምር ወለሉም ቢያንስ 1 ግራም ያህል ከፍ ማለት አለበት። 12.5 የወጣላት የጎንደር ሴት «ኖርማል ነሽ» ተብላ ብትሸኝ ስህተት ነው።

«ጤፍ እየበላን ብረት እንዴት ያንሰናል?» የሚል አይጠፋም። ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት የተወሰነው በውድማ ላይ ከአፈሩ የተቀላቀለ ነው፤ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። በዚያ ላይ ምግቡን ተከትሎ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይመጣል፤ ቡና ደግሞ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ቀይ ሥር ደም ይተካል የሚባለውም በቀለሙ ነው እንጂ ብረቱ ያን ያህል አይደለም።

ታዲያ ፋርማሲ ገብቶ የአይረን (የብረት) ክኒን መግዛት? አይሆንም። መጀመሪያ ደሙ በምን እንደሄደ መታወቅ አለበት። አስፒሪን ጨጓራ አድምቶ ይሆናል፤ ኩላሊት ደክሞ ይሆናል፤ መተማ ወርዶ የተመለሰ ሰው ወባ ወይም ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ይዞት ይሆናል። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) የምትወስድ ወጣት የወር አበባዋ በዝቶባት፣ አፍራ ሳትናገር ትቆይ ይሆናል፤ ይህን የሚጠይቃት ሰው ማግኘቷን እጠራጠራለሁ። ሌላም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት በልብ ድካም ታማሚዎች ላይ የሚዋጠው አይረን የመንቀሳቀስ አቅማቸውን እንዳላሻሻለ አሳይቷል። በደም ሥር የሚሰጠው ግን ብረት ባነሳቸው ላይ ጥቅሙ በተደጋጋሚ ታይቷል። ለታማሚው ደም መስጠትም ቢሆን ለደከመ ልብ ተጨማሪ ፈሳሽ ስለሆነ ቀስ ተብሎ፣ ታስቦ ነው።

የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር የ2021 መመሪያ እያንዳንዱ የልብ ድካም ታማሚ ለደም ማነስና ለብረት እጥረት በየጊዜው ይመርመር ይላል። ፌሪቲን (የብረት ክምችት የሚያሳየው ምርመራ) በየቦታው አይገኝ ይሆናል፤ ሲቢሲ (ሄሞግሎቢንን ጨምሮ የሚለካው ሙሉ የደም ቆጠራ) ግን ብርቅ አይደለም። ወጪ ነው የሚሉ ሰዎች አክስቴ በሁለት ዓመት ያለ ጥቅም የዋጡትን ክኒን ያስሉልኝ። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ በክትትል ካርዱ ላይ ከግፊትና ከክብደት ቀጥሎ ለሄሞግሎቢን አንድ መስመር ይጨመር። እስከዚያው ታማሚ የያዛችሁ፣ ቀጠሮ ስትሄዱ የመጨረሻው ሲቢሲ መቼ እንደተሠራ ጠይቁ።