ከጨዋታ የተወለደ መጽሐፍ በሰማ በለው አይፈረድበት

ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባሉት ካፌዎች፣ መጽሐፍ የሚያነቡ ወጣቶች በተሰበሰቡበት ደጋግሜ የምሰማው አንድ ክርክር አለ። የክርክሩ መነሻ ዳን አብኔት የጻፈው «ሆረስ ራይዚንግ» የተባለ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እዚህ መጽሐፍ ቤት ገብቶ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። በስልክ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። የሚያነበው ያነበዋል፤ ማንበብ የሚታክተው ታክሲ ውስጥ በጆሮው ያዳምጠዋል።

አንባቢው ሁለት ቦታ ተከፍሏል። አንደኛው ወገን «የአሻንጉሊት ማሻሻጫ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ አትበሉት» ይላል። ሌላኛው ወገን መጽሐፉን ይወደዋል፤ ግን «ጨዋታውን ካላወቅክ አስተያየት አትስጥ» ባይ ነው። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። መጽሐፉን ከልቤ ወድጄዋለሁ፤ የወደድኩትም ጨዋታውን አንድም ቀን ሳልጫወት ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። «ዋርሃመር 40,000» ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ትንንሽ ወታደሮችን ይገዛል፤ በማጣበቂያ ይገጣጥማቸዋል፣ በቀጭን ብሩሽ ቀለም ይቀባቸዋል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ያሰልፋቸውና ርቀቱን በመለኪያ እየለካ፣ ዳይስ እየጣለ ይዋጋል። ከጨዋታው ጀርባ ትልቅ የፈጠራ ታሪክ አለ። ዘመኑ ከዛሬ 38 ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ልብ ወለዱ ደግሞ ከዚያ ዘመን 10 ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በህዋ ላይ የተበታተነውን የሰው ልጅ በአንድ ዙፋን ሥር ለመሰብሰብ የተነሳ ንጉሠ ነገሥት አለ። ዘመቻው ሁለት መቶ ዓመት ከዘለቀ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን ለሚወደው ልጁ ለሆረስ አስረክቦ ወደ ምድር ይመለሳል። ለምን እንደተመለሰ ለማንም አይናገርም። ሆረስ የጦር አበጋዝ ይሆናል። ታሪኩን የምንከታተለው በአብዛኛው በሎከን ዓይን ነው። ሎከን በሆረስ ሥር ያለ የሻለቃ መሪ ሲሆን፣ ሆረስን ከሚያማክሩት አራት ሰዎች አንዱ ለመሆን ገና መመረጡ ነው። ሆረስ ኋላ በአባቱ ላይ እንደሚያምፅና ህዋው በእርስ በእርስ ጦርነት እንደሚነድ ጨዋታውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

የመጀመሪያው ወገን ጠንካራ ማስረጃ አለው። ይህ የወንድማማቾች ጦርነት የተፈለሰፈው በምርት ወጪ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ኩባንያው ግዙፍ የጦር ማሽኖች የሚዋጉበት ሌላ ጨዋታ አወጣ። በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ማሽኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። ለሁለቱ ተጫዋቾች የተለያየ ሠራዊት ማቅረብ ስላልተቻለ፣ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት መሣሪያ የሚይዝበት ታሪክ አስፈለገ። የእርስ በእርስ ጦርነቱ የመጣው ከዚህ ነው። «አያችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የፕላስቲክ ጉዳይ ነው» የሚሉኝ ይህንን ይዘው ነው።

እውነታው ልክ ነው። ድምዳሜው ግን አይዋጥልኝም። አብኔት ያንን የንግድ ምክንያት ተቀብሎ ምን አደረገበት? እዚህ ላይ ነው ማንበብ የሚያስፈልገው። መጽሐፉ የሚከፈተው ሎከን ሆረስ ንጉሠ ነገሥቱን በገደለበት ቀን በቦታው እንደነበር ሲናገር ነው። ጨዋታውን የሚያውቅ አንባቢ ይደነግጣል፤ የታሪኩ መጨረሻ ገና በመግቢያው የተነገረው ይመስለዋል። ጥቂት ገጾች ሲያልፉ ግን የተገደለው ሌላ ንጉሠ ነገሥት ነው። ዘጠኝ ፕላኔቶችን የሚገዛ፣ የሰው ልጅ ሁሉ እውነተኛ ገዥ እኔ ነኝ የሚል፣ ዓለሙንም ምድር ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። ሁለት ሠራዊት በአንድ ማዕረግ ስም፣ በአንድ እምነት፣ አንዱ ሌላውን አስመሳይ እያለ ይተላለቃል። ሳጥን ውስጥ የነበረው አንድ ዓይነት ማሽን የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ሆኖ ተገኘ። እኔን የሚመስለኝን ሰው ጠላት ነው ብዬ የምገድለው በምን ምክንያት ነው? በዚህች አገር ላለ አንባቢ ይህ ጥያቄ የሩቅ ዘመን ቅዠት አይደለም።

ደግሞስ የጦርነት ጨዋታ የልጅ ነገር ነው ያለው ማን ነው? የእኛ መኳንንት ሰንጠረዥ ሲጫወቱ መጀመሪያ ወረራ ነበር። የመጀመሪያው መደቅ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። የሳይንስ ልብ ወለድ አባት ከሚባሉት አንዱ ኤች ጂ ዌልስም እ.ኤ.አ. በ1913 በአሻንጉሊት ወታደሮች ስለመዋጋት የሚያስረዳ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ጨዋታውና የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ጎረቤት ሆነው የኖሩት ከጥንቱ ነው።

«መጨረሻው ታውቋል፤ ምን ይነበባል?» የሚሉም አሉ። ለእነሱ ያለኝ መልስ መቅደላ ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን እንደሚያጠፉ የማያውቅ ተመልካች የለንም። ሆኖም ትያትሩ በታየ ቁጥር ሰው ይሄዳል፤ በታየ ቁጥር ያለቅሳል። የሚሄደው ምን እንደሚሆን ለማወቅ አይደለም። ያ ትልቅ ሰው እዚያ ጫፍ ላይ እንዴት እንደደረሰ ለማየት ነው። «ሆረስ ራይዚንግ»ም እንዲሁ ነው። ሆረስ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ደግ ነው፤ ይስቃል፣ ያዳምጣል፣ የወታደሮቹን ስም ያውቃል። የሚያሳዝነው መውደቂያውን እያወቅን እንድንወደው መደረጋችን ነው።

ከሁሉም የማረከኝ ግን ጦሩን ተከትለው የሚጓዙት ዜና ጸሐፊዎች ናቸው። ገጣሚ፣ ፎቶ አንሺ፣ ታሪክ መዝጋቢ በመርከቦቹ ተጭነው ዘመቻውን ለትውልድ እንዲያስቀሩ ተልከዋል። ወታደሮቹ አብዛኞቹ ይንቋቸዋል። ካርካሲ የሚባለው ገጣሚ ይጠጣል፣ አፉ አያርፍም፣ ድል አድራጊው ጦር መስማት የማይፈልገውን ግጥም ገጥሞ ይደበደባል። ሎከን ግን ያስጠጋዋል፤ ያየኸውን እውነት ጻፍ ይለዋል።

ይህን ሳነብ ያሰብኩት ስለ ራሳችን ዜና መዋዕል ነው። ደብተራ ዘነብ የቴዎድሮስን ታሪክ የጻፈው ንጉሡ በሕይወት እያሉ ነበር፤ ጽሑፉም በአድናቆት የተሞላ ነው። አለቃ ወልደ ማርያም የጻፈው ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ነው። ጭካኔውንም ጭምር ጻፈ። አንድ ንጉሥ፣ ሁለት ብዕር። አብኔት ስለ ዘነብና ስለ ወልደ ማርያም ያውቃል አልልም። እኛ ግን እናውቃለን። ካርካሲ ብዕሩን ሲያነሳ ምን ዓይነት አደጋ ውስጥ እንደገባ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መግቢያ የሚኖረን አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ልሂድ። እነዚህ ይበልጥ ያሳዝኑኛል፤ ምክንያቱም መጽሐፉን በእውነት የሚወዱት እነሱ ናቸው። ስድስት ኪሎ አጠገብ ባለ አንድ ካፌ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች ልጅ ስለ ካርካሲ አንስታ «ጌታው ቤት እየበላ ጌታውን የሚወርፍ አዝማሪ ነው የመሰለኝ» አለች። አጠገቧ የነበረው ልጅ ወዲያው «ቆይ፣ ስንት ሌጌዎን ነው የምታውቂው?» ብሎ ጠየቃት። በታሪኩ ውስጥ ካሉት የጦር ክፍሎች የሦስቱን ስም ጠራች። ሳቀባት። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ቡናዋን ጠጥታ ዝም አለች። በዕለቱ ስለ መጽሐፉ ከተባለው ሁሉ የሚበልጠው ግን እሷ ያለችው ነበር። የሌጌዎን ስም በቃል መያዝ የማስታወስ ጉዳይ ነው። አዝማሪውን ማየት ንባብ ነው። የዚህን ተከታታይ ታሪክ ከ50 በላይ መጻሕፍት ያነበበ ሰው እውቀቱን ለጀማሪው ቢያካፍለው እንዴት ያለ ወዳጅ በሆነ!

መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በስም ያጥለቀልቁሃል፤ መግቢያው ላይ የተደረደረው የባለታሪኮች ዝርዝርም ብዙ አይረዳም። ኦሊተንና ኪለር የሚባሉት ሁለት ሴቶች ከወንዶቹ ብዙዎቹ የበለጠ አእምሮ እያላቸው ቦታ አላገኙም። ውጊያው አንዳንድ ቦታ ይንዛዛል። መጽሐፉ ብቻውን አይቋጭም፤ መቋጫውን ፍለጋ በሌሎች ደራሲዎች የተጻፉትን ቀጣዮቹን ሁለት መጻሕፍት ማንበብ ግድ ይላል። ይህ የመጨረሻው በእርግጥም የንግድ ጠባይ ነው፤ እዚህ ላይ ከተቺዎቹ ጋር እስማማለሁ።

«ጦርነትን ያሞግሳል» በሚለው ግን ፈጽሞ አልስማማም። ይህን የሚሉ ሰዎች የመጽሐፉን ሁለተኛ አጋማሽ ያነበቡት አይመስለኝም። ጦሩ መርደር የሚል ስም ወደተሰጣት ፕላኔት ይወርዳል፤ ስሙም በእንግሊዝኛ ግድያ ማለት ነው። ግዙፍ ሸረሪት መሰል ፍጥረታት አሉባት። ብዙ ሰው ያልቃል። በፕላኔቷ ዙሪያ ከሩቅ የሚሰማ እንግዳ ዜማ ነበር፤ መርከቦቹ ሰምተውታል፣ አልገባቸውም። በኋላ የሚገለጸው ነገር ልብ ይሰብራል። ዜማው ማስጠንቀቂያ ነበር። ኢንተርኤክስ የሚባሉ፣ በዜማ የሚነጋገሩ ሌሎች የሰው ልጆች ያንን ፍጥረት ድል ካደረጉ በኋላ ከማጥፋት ይልቅ እዚያች ፕላኔት ላይ አግተውት ነበር። «አትውረዱ» ብለው በዙሪያዋ የማስጠንቀቂያ ዜማ አቆሙ። ያ ሁሉ ሰው የሞተው ባልተሰማ ማስጠንቀቂያ ነው።

ከኢንተርኤክስ ጋር ሲገናኙ ሆረስ መነጋገር ይፈልጋል። አባዶን የሚባለው የጦር መሪ በቁጣ ይነዳል፤ ውጊያ ይሻላል ይላል። የጦር አበጋዙ ግን ሰላም እንዲወርድ ይለፋል። ከዚያ አንድ ሰው ከጦር መሣሪያ ሙዚየማቸው አንድ ስለት ይሰርቃል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይጣራ ሁለቱም ወገን ተኩስ ይከፍታል። ማንበቤን አቁሜ ስልኬን ያስቀመጥኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ያበላሸውን ነገር የሚያጣራ በመታጣቱ ሁለት ሕዝብ ሲተላለቅ የሚያሳይ ደራሲ ጦርነትን አሞገሰ ከተባለ፣ ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ ያውግዝ?

በከተማችን የመጽሐፍ ውይይት ለሚያዘጋጁ ሰዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ወመዘክር አዳራሽም ይሁን አብርሆት፣ ይህን መጽሐፍ እንደማንኛውም ልብ ወለድ ፕሮግራም ውስጥ አስገቡት። መድረኩ ላይ ጨዋታውን ከሚያውቅ አንድ ሰው ጋር ዜና መዋዕል ያጠና አንድ ሰው አስቀምጡ። የተሰብሳቢው የመጀመሪያ ጥያቄም ከኢንተርኤክስ ምዕራፎች ይሁን፤ ስለ ካርካሲ የምታወራው ልጅም ማይክ ይሰጣት።