ለድሬዳዋ የቲዎሪ ኬሚስትሪ ቅንጦት አይደለም

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርምር ወሬ ከተነሳ አንድ አስተያየት አይጠፋም። «ሰው ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ በሚንከራተትበት አገር ስለ ሞለኪውል ቅርጽ መመራመር ቅንጦት ነው። ተማሪዎቹ ሳሙና ይሥሩ፣ ውሃ ያጣሩ፣ ሌላው ይቅር» ይባላል። ቧንቧው ጠፍቶ የሰነበተበት ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። ግን አልስማማም፤ የቲዎሪ ኬሚስትሪ፣ ማለትም ሞለኪውልን በሐሳብና በስሌት ማጥናት፣ ለእኛም ያስፈልገናል። ያለመስማማቴን ምክንያት እ.አ.አ. በ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ካገኘው ሥራ ብጀምር ይሻላል።

ሽልማቱን የተካፈሉት ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰን እና ኦማር ያጊ ናቸው። የሜታል አዮኖችን (ኤሌክትሪክ የተሞሉ የብረታ ብረት አቶሞችን) በካርቦን ላይ በተመሠረቱ ሞለኪውሎች እያያያዙ ውስጡ ክፍት የሆነ ክሪስታል ገነቡ። በእንግሊዝኛ ሜታል-ኦርጋኒክ ፍሬምወርክ ይባላል፤ በምህጻር «ሞፍ» ይሉታል። ክሪስታሉ በዓይን በማይታዩ ባዶ ክፍሎች የተሞላ ነው። ያጊ እ.አ.አ. በ1999 ይፋ ያደረጉት ሞፍ-5 ጥቂት ግራሙ ብቻ የውስጥ ገጽታው ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል። ጋዝም ሆነ የውሃ ተን እዚያ ገብቶ መቀመጥ ይችላል።

አጀማመሩ ግን ከውሃም ከጋዝም ጋር አይገናኝም። እ.አ.አ. በ1974 ሮብሰን በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች የሞለኪውል ሞዴል እያዘጋጁ ነበር። አቶሞቹ የእንጨት ኳሶች ናቸው። ኳሶቹ በዘንግ እንዲያያዙ ቀዳዳ ይበሳላቸዋል፤ የት የት እንደሚበሳ ምልክት የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። ሞዴሉን ሲገጣጥሙ ነው ነገሩን ያስተዋሉት። ቀዳዳዎቹ በትክክለኛው ቦታ ከተበሱ ሞለኪውሉ በራሱ ትክክለኛ ቅርጹን ይይዛል። ሐሳቡን ከአሥር ዓመት በላይ ሲያብሰለስሉት ቆዩ። በዚሁ ሐሳብ የገነቡትን ክሪስታል ይፋ አድርገው ያሳተሙት እ.አ.አ. በ1989 ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው «ለሕዝቡ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ቢጠይቃቸው የሚያሳዩት ነገር አልነበረም።

ኪታጋዋም ቢሆኑ ጃፓን ውስጥ የምርምር ገንዘብ ሲጠይቁ ፊት ተነስተዋል። የመጀመሪያ ክሪስታሎቻቸው ለምንም የሚሆኑ አይመስሉም ነበር። ጥቅም የለሽ የሚመስል ነገርም ጥቅም አለው ብለው ገፉበት። እ.አ.አ. በ1997 ጋዝ ገብቶ የሚወጣበት፣ ቅርጹም የማይፈርስ ክሪስታል አሳዩ።

የያጊ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ሰፈር ሰው ቅርብ ነው። በዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን ውስጥ ከስደተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። ቤታቸው የቧንቧ ውሃም መብራትም አልነበረውም። በ10 ዓመታቸው፣ ብዙ ጊዜ ተቆልፎ ወደሚውለው የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሹልክ ብለው ገቡ። እዚያ ያገኙት መጽሐፍ ላይ የሞለኪውል ሥዕል አዩ፤ ከኬሚስትሪ ጋር የተዋወቁት በዚህ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው የምርምር ቡድናቸው ከአሜሪካው የአሪዞና በረሃ አየር ውሃ አውጥቷል። ሞፉ ሌሊት ተኑን ይይዛል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያሞቀው ይለቀዋል።

ነገ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ላይ የሚተከል መሣሪያ አለ እያልኩ አይደለም። በበረሃ በተደረጉት ሙከራዎች ከአንድ ኪሎ ሞፍ በቀን የተገኘው ውሃ ከጥቂት ብርጭቆ አይበልጥም። ከተማ አያጠጣም። ግን የእኛ አካባቢ ውሃ ምን ያህል ውድ እንደሆነ እናስላ። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሐረር ውሃዋን ከድሬዳዋ አካባቢ፣ ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች ማምጣት ጀመረች። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ትጠጋለች። አምስት በርሜል ውሃ 700 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት፣ በመንገድ የሚባክነውን ሳንቆጥር፣ ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይቆማል። እንዲህ ባለ አገር ጠብታዋም ልትጠና ይገባል።

ቲዎሪው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። እስካሁን የተሠሩት ሞፎች በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። አንዳንዱ አየሩ በጣም ደረቅ ሆኖም ተን ይይዛል። ሌላው እርጥበቱ ከፍ እስኪል ይጠብቃል። አጥብቆ የሚይዘው ደግሞ ለመልቀቅ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። ለአሪዞና የተመረጠው ለድሬ አየር ይስማማል የሚል ዋስትና የለም። ሁሉንም በላቦራቶሪ ልሞክር የሚል ሀብታም ዩኒቨርሲቲ እንኳ አይችለውም። ስለዚህ ተመራማሪዎች መጀመሪያ በኮምፒውተር ያሰላሉ፣ ከዚያ ተስፋ ያላቸውን ጥቂቶች ይሠራሉ። የድሬን የሌሊትና የቀን እርጥበት ይዞ ይህን ስሌት የሚሠራልን ማነው? ካሊፎርኒያ ያለ ሰው ምን በወጣው?

ደግሞ ስሌት ለእኛ ርካሹ ኬሚስትሪ ነው። የላቦራቶሪ ሰው የሚያውቀው ጣጣ አለ። ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ ታዝዞ ወራት ይፈጃል፣ ማሽን ተበላሽቶ መለዋወጫ ይጠበቃል፣ ተማሪው እስከዚያ የመመረቂያ ጊዜው ያልፍበታል። እንደ ኳንተም ኤስፕሬሶ ያለ የስሌት ሶፍትዌር ግን በነፃ ይወርዳል። ሙያው ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.አ.አ. የ1998ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል የሞለኪውልን ባሕርይ በስሌት ለማወቅ ያስቻሉትን ዋልተር ኮንን እና ጆን ፖፕልን ነው ያከበረው። እ.አ.አ. በ2024 ደግሞ የፕሮቲን ቅርጽን በኮምፒውተር ለሚተነብዩና ለሚነድፉ ተሰጠ።

የተግባሩ ሥራ ይቅር ማለቴ አይደለም። የድሬ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ነው። ሳሙና አረፋ የሚያስቸግረው፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያ ነጭ ቅራፊ የሚጋገረው በዚህ ምክንያት ነው። ከቅራፊው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ በዓይን የማይታየው ናይትሬት ነው። ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰርጋል፣ በዚሁ ውሃ በሚበጠበጥ የዱቄት ወተት የሚያድጉ ጨቅላዎችን ይጎዳል፣ ቢፈላም አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። የየጉድጓዱ ልኬት በየጊዜው ለነዋሪው መለጠፍ አለበት። ይህን ለመለካት ኖቤል አያስፈልግም።

ሲሚንቶውም አለ። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ በንጹሕ ኃይል ብታቃጥሉትም ከድንጋዩ ራሱ ይወጣል። ካልፍ-20 የሚባል ሞፍ ይህን ጋዝ ይዞ ለማስቀረት ካናዳ ውስጥ በፋብሪካ ደረጃ ተሞክሯል። በሲሚንቶ የምትታወቅ ከተማ ተማሪ ስለዚህ ሳይሰማ በኬሚስትሪ ሲመረቅ በጣም ይቆጨኛል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ ክፍል፣ ጥሩ ኮምፒውተሮች፣ የድሬን ሙቀት የሚያስታግስ ማቀዝቀዣ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ሶላር። የአካባቢያችን ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ቢይዙት ወጪው ይቀልላል። የሜትዎሮሎጂ ጣቢያው የእርጥበት መዝገብ ለተማሪዎቹ ያለ ደብዳቤ ምልልስ ይሰጣቸው። የምርምር ፕሮፖዛል የሚገመግሙ መምህራንም «ጥቅሙ ምንድነው?» የሚለውን ጥያቄ ተማሪው ሐሳቡን ተናግሮ እስኪጨርስ ያቆዩለት።