ማስተካከያ፦ ካሊፎርኒያ የጠርሙስና የጣሳ ማስያዣ አላስቀረችም

«ካሊፎርኒያ የጠርሙስና የጣሳ ማስያዣ ስላስቀረች የሪሳይክል ድርጅቶች ተዘጉ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ስህተት ነው። ማስያዣው፣ ማለትም መጠጥ ስንገዛ ተጨምሮ የምንከፍለውና ባዶውን ስንመልስ የሚመለስልን ሳንቲም፣ ዛሬም አለ፤ ከ24 አውንስ (0.7 ሊትር ገደማ) በታች ለሚይዝ 5 ሳንቲም፣ 24ና ከዚያ በላይ ለሚይዝ 10 ሳንቲም።

የተዘጋው ሪፕላኔት የሚባል ድርጅት ነው፤ ያውም በኦገስት 2019። የቀሩትን 284 የባዶ ጠርሙስና ጣሳ መቀበያዎች በአንድ ጊዜ ዘጋ። በመግለጫው የሰጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው፦ የአሉሚኒየምና የፕላስቲክ ዋጋ ወረደ፣ ወጪ ጨመረ፣ ግዛቱ የሚከፍለው ክፍያም ቀነሰ። ለደንበኛ የሚመልሳት ሳንቲምማ ከማስያዣው ፈንድ ትተካለታለች። እንጀራው ያለው የተጨመቀውን ጣሳና ፕላስቲክ በመሸጥ ላይ ነው። የዓለም ገበያ ሲወድቅ መቀበያው ራሱን መቻል ያቅተዋል።

ስለዚህ ጣሳ የምታጠራቅሙ፣ ወሬውን ሰምታችሁ እንዳትጥሉት። በግዛቱ ደንብ መሠረት ከየዓይነቱ (ከአሉሚኒየሙ፣ ከፕላስቲኩ፣ ከብርጭቆው) እስከ 50 ድረስ በቁጥር እንዲከፈላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። «እኛ በኪሎ ብቻ ነው» የሚል ካጋጠማችሁ ደንቡን ጥቀሱለት። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ የወይንና የአረቄ ጠርሙስም ማስያዣ አለው።